የአልጋ ቁራኛ ላለበት ቤት የቱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሻላል? ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ላላችሁ



ሰሞኑን ከአዳማ አንዲት እህታችን ጥያቄ ላከችልን። እናቷን ስትሮክ መቷቸው አንድ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ከአልጋ ሳይነሱ ወራት አልፈዋል። በቀን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት አንሶላ ይቀየራል። ሆዳቸው የተበላሸ ሌሊት ደግሞ ብርድ ልብሱም ፍራሹም አይተርፍም። ይህን ሁሉ በሳፋ የምታጥበው እሷ ናት። እጇ በበረኪና ተላልጧል፣ ወገቧን ያማታል፣ ሥራዋንም ልትለቅ ደርሳለች። እንደምንም ያጠራቀመቻት ብር አለች፤ የቱን ማሽን ልግዛበት ነው ጥያቄዋ።

መጀመሪያ ቀላል ጥያቄ መስሎን የአንድ ማሽን ስም ጽፈን ልንልክላት ነበር። ከዚያ ግን ከመካከላችን በአንዱ ቤት ከዓመታት በፊት የሆነው ትዝ አለን። አባት ታመው ተሯሩጠን ማሽን ገዛን። ባለሱቁን ሙቅ ውሃ አለው ወይ ብለን ጠየቅነው፣ አለው አለን። አልዋሸም። ከጀርባው ሁለት የውሃ መግቢያ ነበረው፤ አንዱ ለቀዝቃዛ፣ አንዱ ለሙቅ። ሙቁን ውሃ ግን ከቦይለር ስበን የምናስገባለት እኛ ነን እንጂ ማሽኑ ራሱ አያሞቅም። ቤቱ ደግሞ ቦይለር የለውም። ያን ሁሉ ብር ከፍለን አንሶላው እስከ መጨረሻው በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ፣ ሽታውም ከጨርቁ ሳይለቅ ቀረ።

ስለዚህ ከሱቅ ወደ ሱቅ ከመዞራችሁ በፊት ይህን አንብቡት። ለታማሚ ልብስ የሚገዛ ማሽን ለጤነኛ ቤተሰብ ከሚገዛው ይለያል። ጤነኛ ቤተሰብ አቧራና ላብ ነው የሚያጥበው። እናንተ የምታጥቡት ሽንት፣ ዓይነ ምድር፣ ትውከት፣ ደም፣ የቁስል ፈሳሽ ነው። በአገራችን የአረጋውያን መጦሪያ ጥቂት ስለሆነ ይህ ሥራ የሚወድቀው ቤተሰብ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ ብዙ ሺህ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዞ ዳይፐርና ሳሙና ለምኑልኝ ሲል የምንሰማው ዝም ብሎ አይደለም። በየቤቱ ያለችው አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ሠራተኛ ያንኑ ሸክም በትንሹ ተሸክማ ነው የምትውለው።

ማሽኑ ራሱ ያሞቃል ወይ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ብራንዱም ኪሎውም ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮና ጊዜ ባወጣው መመሪያ ላይ የታማሚ አንሶላ በማሽን ሲታጠብ ከ60 እስከ 90 ዲግሪ በሞቀ ውሃና በሳሙና እንዲሆን ይመክራል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ደግሞ ለሆስፒታል ልብስ 71 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ይላል። ይህን ሙቀት በቤት ውስጥ ሳይለፉ የሚያገኙት ውስጡ የራሱ ማሞቂያ ባለው ማሽን ነው። እንዲህ ያሉት በአብዛኛው ከፊት የሚከፈቱት፣ ክብ መስታወት በር ያላቸው ናቸው። መቆጣጠሪያው ላይ 40፣ 60፣ 90 የሚል ቁጥር ካለ ማሞቂያ አለው ማለት ነው። «ኮልድ» እና «ሆት» የሚል ብቻ ከሆነ ግን ጠርጥሩ፤ ከላይ የነገርናችሁ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከጀርባው ወይም ከበሩ አጠገብ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ማሞቂያ ያለው ማሽን ኃይሉ ከ1800 እስከ 2200 ዋት ገደማ ይጻፋል። ከ300 እስከ 500 ዋት ብቻ የሚል ከሆነ ውሃ አያሞቅም፣ ነገሩ አለቀ።

ማሞቂያው ሌላም ጥቅም አለው፤ ብዙ ሰው የማያስበው። ደምና ዓይነ ምድር ላይ የፈላ ውሃ ድንገት ካፈሰሳችሁ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ልክ እንደ እንቁላል ይረጋና ጨርቁ ላይ ይጣበቃል፤ ቡናማው እድፍ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ቀዝቃዛ ውሃ አስገብቶ ቀስ እያለ ነው የሚያሞቀው። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሳሙናው ውስጥ ያለው ኢንዛይም እድፉን ይበላል፣ ከዚያ ሙቀቱ ከፍ ሲል ጀርሙ ይሞታል። እናቶቻችን ደም የነካው ልብስ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀቀው የሚሉት በትክክል ይህን ነው።

ስለዚህ ቅድመ እጥበት ያለው ማሽን ፈልጉ። የሳሙና መሳቢያው ሦስት ክፍል ካለው፣ «I» የሚለው ለቅድመ እጥበት፣ «II» የሚለው ለዋናው ነው። አበባ ምልክት ያለበት የማለስለሻ ቦታ ነው፤ እሱን ባዶ ተዉት። ማለስለሻ ጨርቁን በስስ ቅባት ስለሚሸፍነው አንሶላና ፎጣ ፈሳሽ መምጠጥ ያቆማሉ፣ የሽንት ሽታም ይይዛሉ። «ተጨማሪ ማለቅለቅ» የሚለው ቁልፍ ግን ይኑረው። ጨርቁ ላይ የቀረ ሳሙና ቀኑን ሙሉ የተኛን ሰው ቆዳ ይቆጣዋል፤ የአልጋ ቁስል ለሚያሰጋው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ኢኮ» የሚለው ፕሮግራም ላይ 60 ተጽፎ እንኳ ውሃው 60 የማይደርስባቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው፤ መብራት ለመቆጠብ ሙቀቱን ቀንሰው ሰዓቱን ያረዝማሉ። የ15 ደቂቃውማ ጭራሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም። «ኮተን 60»፣ ለከፋው ቀን «ኮተን 90»፣ ይኸው ነው።

መብራት ይበላል ትሉ ይሆናል። እናስላው። አንድ ማሽን ለዋናው እጥበት የሚያሞቀው ውሃ ወደ 15 ሊትር ነው። ከ22 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ወደ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ወደ 90 ለማድረስ ወደ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚስብ ነው፤ አንድ ሰዓት እንጀራ ስትጋግሩ የምትጨርሱት አምስት ያህል የ60 ዲግሪ እጥበት ያሞቅ ነበር። ችግሩ ከካርዱ ብር ይልቅ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማብራቱ ላይ ነው። ምጣድና ማሽን አብረው ከተነሱ፣ በተለይ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ተከራይ በሚካፈልበት ግቢ፣ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ወይም ያረጀው ሽቦ ይግላል።

የውሃው ጉዳይ፣ ዋናው ፈተና

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚሠራው ውሃ ካለ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነዋሪ ከማስታወቂያው ጋር የሚለያየው።

ከፊት የሚከፈት ማሽን ውሃ ቆጣቢ ነው፤ አንድ ሙሉ እጥበት ከ45 እስከ 60 ሊትር ይበቃዋል፤ ቅድመ እጥበትና ተጨማሪ ማለቅለቅ ሲታከል ከዚያ ከፍ ይላል። ግን ውሃው በግፊት መምጣት አለበት። የብዙዎቹ መመሪያ ቢያንስ 0.3 ወይም 0.5 ባር ይላል። በሜትር ስንቀይረው 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው፤ ስለዚህ ሮቷችሁ ከማሽኑ የውሃ መግቢያ ቢያንስ 3 ሜትር፣ የተሻለ ደግሞ 5 ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። መሬት ላይ ወይም በግማሽ ሜትር ብሎኬት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ማሽኑን አይሞላውም። ማሽኑ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ የስህተት ቁጥር ያሳይና ይቆማል። ይህ ማሽኑ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ጠጋኝ ጠርቶ ብር ይከፍላል።

የአዳማ የቧንቧ ውሃ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። በክረምት ወንዙ ሲደፈርስ፣ ወይም ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ውሃ ቡናማ ሆኖ ሲወርድ አይታችኋል። ያ ደለል ሮቶ ሥር ይተኛል፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። የውሃ ጎማው ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ወንፊት አለች። በወር አንዴ ጎማውን ፈታችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዷት። ማሽኑ ውሃ አልስብ ሲል ግማሹ ጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። ውሃ በጠፋ ማግስት የመጣውን የመጀመሪያ ውሃ ደግሞ ነጭ አንሶላ ላይ አትልቀቁት፤ ለመጸዳጃ ቤት ይሁን።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ፣ በተለይ በወንጂ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ያላችሁ፣ ስለ ፍሎራይድ ሳትሰሙ አትቀሩም። በወንጂ የስኳር እርሻ መንደሮች ጥርስንና አጥንትን ሲጎዳ ለአሥርት ዓመታት የታየው እሱ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይላል። ለልብስ ግን ፍሎራይድ አያስጨንቃችሁ፣ ማሽንም አይጎዳም። እንዲያውም ፍሎራይዱ የበዛ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ብዙውን ጊዜ ካልሲየሙ ትንሽ ነው፤ ማሞቂያ ላይ ድንጋይ የሚጋግረው ደግሞ በዋናነት ካልሲየም ነው። የእናንተ ውሃ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ግማሽ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ትንሽ ተራ የልብስ ሳሙና ፈቅፍቃችሁ አጥብቃችሁ ናጡት። ቶሎ አረፋ ከሞላ ውሃው ለስላሳ ነው፤ ሳሙናም ይቆጥባል። አረፋ አልይዝ ብሎ እንደ አይብ የተቆራረሰ ነገር ከተንሳፈፈ ውሃው ጠንካራ ነው፤ ማሽኑን በሁለት ሦስት ወር አንዴ ባዶውን በሲትሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ አስኪዱት። በዚያን ቀን በረኪና አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናወራዋለን።

ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚመጣበት ቤት

እዚህ ጋ ሐሳባችንን በግልጽ እንናገር። ከፍ ያለ ሮቶ ከሌላችሁ፣ ውሃ በጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ፣ ውዱን ማሽን አትግዙ። ለእናንተ የሚሆነው ባለ ሁለት ገንዳው፣ በተለምዶ ሰሚ አውቶማቲክ የሚባለው ነው። በአንዱ በኩል ያጥባል፣ በሌላው ይጨምቃል። ውሃውን በባልዲ ትሞሉታላችሁ፣ ግፊት አይጠይቅም። ማዞሪያው እንደ ሰዓት የሚዞር ቀላል ነገር ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚቃጠል ኤሌክትሮኒክ ቦርድ በአብዛኛዎቹ ላይ የለም። ሲበላሽም የሰፈር ጠጋኝ ይከፍተዋል። ዋጋውም ከሌሎቹ በጣም ይቀንሳል። ውሃም እንደገና መጠቀም ይቻላል፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ለቀጣዩ ዙር የመጀመሪያ መዘፍዘፊያ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን መጭመቂያው ነው። ባለ ሁለት ኪሎ የጥጥ ብርድ ልብስ ውሃ ሲጠጣ ሁለት ሦስት እጥፍ ይከብዳል። የአስታማሚን ወገብ የሚሰብረው ማሸቱ ሳይሆን ያንን ጠምዝዞ መጭመቁ ነው። ማሽኑ ሌላ ምንም ባይሠራ ይህን ብቻ ቢሠራ ብሩን አወጣ እንላለን። የመጭመቂያው ገንዳ ከማጠቢያው እንደሚያንስ ግን እወቁ፤ ሱቅ ውስጥ ክዳኑን ከፍታችሁ ብርድ ልብሳችሁ ይገባ እንደሆነ በዓይናችሁ ለኩ።

ጉድለቱ ሙቀት ነው። ገንዳው ፕላስቲክ ስለሆነ የአብዛኛዎቹ መመሪያ ከ50 ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ አይፈቅድም። የፈላ ውሃ ከገለበጣችሁበት ይጣመማል። ታዲያ ጀርሙን በምን እንግደል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ታጥቦ እድፉ የለቀቀውን የጥጥ ጨርቅ በትልቅ የብረት ድስት ማፍላት። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ94 እና 95 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ግድ የለም፣ ከሚፈለገው በብዙ ይበልጣል።

ሁለተኛው በረኪና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማሽን ለሌለው ቤት የሚመክረው ልብሱ በሳሙና ከታጠበ በኋላ 0.05 በመቶ ክሎሪን ውስጥ 30 ደቂቃ እንዲዘፈዘፍ ነው። በረኪናችሁ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ልኩ አንድ እጅ በረኪና ለ99 እጅ ውሃ ነው፤ ለ10 ሊትር ባልዲ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 200 ሚሊ ሊትር። ከዚህ አብዝታችሁ መጨመር ጨርቅና እጅ ይበላል እንጂ ጽዳት አይጨምርም። ቅደም ተከተሉንም አትገልብጡት። ቆሻሻው ሳይታጠብ በረኪና ከገባ ክሎሪኑ ቆሻሻው ላይ ያልቅና ለጀርሙ የሚተርፍ የለም። በረኪናው ከሳሙናው ጋር አብሮ ከገባ ደግሞ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ በአዳማ ሙቀት ቶሎ ኃይሉን ያጣል። ሱፍና ቀለም ያለው ጥለት አይንካው።

አሁን ያንን ማስጠንቀቂያ። በረኪና በሽንት የራሰ ጨርቅ ላይ በቀጥታ አይፈስም። የቆየ ሽንት አሞኒያ አለው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጉሮሮና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ፣ ከሲትሪክ አሲድና ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋርም እንዲሁ፣ ያውም የባሰ። መስኮት በሌለው ሻወር ቤት ውስጥ ለሰዓታት የምታጥብ ሴት ሳሏ የማይለቃት ሁሉም ብርድ ስለመታት አይደለም።

በሁለቱ መሐል ስላለው ማሽን

ከላይ የሚከፈት፣ ሙሉ አውቶማቲክ የሚባለው አለ። ሱቆች ውስጥ በብዛት የምታዩት፣ ሲያዩትም ደስ የሚል። ለጎረቤታችሁ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለታማሚ ልብስ ግን ብዙም አንመክረውም። አብዛኛው ማሞቂያ የለውም፣ ውሃም በአንድ እጥበት ከ100 ሊትር በላይ የሚወስድ ብዙ ነው፣ ቦርዱም እንደ ውዱ ማሽን በመብራት መዋዠቅ ይቃጠላል። የፊተኛውን ሙቀት ሳያገኙ የባለ ሁለት ገንዳውን ቀላልነት ያጣሉ። ማሞቂያ ያለው ከተገኘና ጎንበስ ማለት ለማይችል ሰው ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ማድረቂያ አብሮት ያለውን ደግሞ ተዉት። የአዳማ ፀሐይና ነፋስ እያለ! ከከተማዋ ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው እኮ ለጌጥ አይደለም። ችግሩ ነፋሱ አቧራውንም ይዞ መምጣቱ ነው፤ በበጋ ልብሱን ጠዋት አስጥታችሁ ከሰዓት ነፋሱ ሳይበረታ አስገቡት። ሻሸመኔ ቀዝቀዝ ስለሚልና ዝናቡም ስለሚበዛ እዚያ ላላችሁ የመጭመቂያው ፍጥነት ይበልጥ ያስፈልጋችኋል፤ በደቂቃ 1200 ዙር እና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

ስንት ኪሎ?

ከፊት የሚከፈት ከሆነ 8 ኪሎ እንላለን። የተጻፈው ኪሎ የደረቅ ልብስ ክብደት ነው፤ በጣም የቆሸሸ ልብስ ደግሞ ከገንዳው ሁለት ሦስተኛ በላይ መሞላት የለበትም፣ አለበለዚያ እርስ በርሱ ይለዋወሳል እንጂ አይታጠብም። 6 ኪሎው ብርድ ልብስና ጋቢ ሲመጣበት ይንገዳገዳል።

ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ልብሱን መቀነስ ይቻላል። አንድ አሮጌ አንሶላ ሁለት አጥፋችሁ ከታማሚው ወገብ እስከ ጉልበት ባለው ቦታ በአግድም አንጥፉ፤ ከሥሩ ላስቲክ። ሲበላሽ ያችን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ትልቁ አንሶላ ይተርፋል። ሳታጨማድዱ አንጥፉት፤ ጭምድድ ያለ ጨርቅ ቆዳ ይልጣል።

ማሽን ውስጥ የማይገባ ነገር

ደረቁ ቆሻሻ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ይራገፍ። ጓንት አድርጋችሁ፣ አንሶላውን ሳታራግፉ ወደ ውስጥ እየጠቀለላችሁ አንሱ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አንዴ አለቅልቁ፣ ከዚያ ወደ ማሽን። የማሽኑ ፓምፕ ውሃ ለመግፋት ነው የተሠራው።

የሚጣል ዳይፐር በስህተት ከገባ በውስጡ ያለው ዱቄት ውሃ ጠጥቶ እንደ ጄሊ ያብጥና ማሽኑን ሁሉ ይሞላዋል። ከአንሶላ ጋር ተጠቅልሎ የመግባት ልማድ አለው፤ ፈትሹ።

ላስቲክ ያለው የፍራሽ ልብስ ደግሞ መጭመቂያ ውስጥ አይግባ። ይህ ቀልድ አይደለም፣ የብዙ አምራቾች መመሪያ ይከለክለዋል። ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ በውስጡ ውሃ እንደ ከረጢት ይቋጥራል፤ ገንዳው በሙሉ ፍጥነት ሲሽከረከር ያ ውሃ በአንድ ጊዜ ያጋድልና ማሽኑ ይዘላል፣ ገንዳው ሊሰበር፣ አጠገቡ የቆመ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ላስቲኩን በእጅ፣ በሳሙና፣ ከዚያ በተበጠበጠው በረኪና ጥረጉትና ጥላ ላይ አድርቁት።

ሳሙናን በተመለከተ፣ ከፊት ለሚከፈተው ማሽን በእጅ ለማጠብ የተሠራውን «ኦሞ» (ማንኛውንም ዱቄት ሳሙና ኦሞ ስለምንል ነው) አትጠቀሙ። አረፋው ይበዛና ማሽኑ አይጨምቅም፣ አያለቀልቅም፣ አንዳንዴም ከመሳቢያው ገንፍሎ ወለሉን ይሞላዋል። አውቶማቲክ የሚል የተጻፈበትን፣ ኢንዛይም ያለበትን ፈልጉ። ለባለ ሁለት ገንዳው የትኛውም ይሆናል። እንዶድስ? ብላ የጠየቀችን አለች። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዝያ ላይ ያን ሁሉ ምርምር የጀመሩት። ጋቢ ያነጣል፣ እውነት ነው። አረፋው ግን ለማሽን አይሆንም፤ እንዶዱ ለሳፋው ይቅር።

ከመክፈላችሁ በፊትና ቤት ከደረሰ በኋላ

ዋጋ አንጽፍም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የጻፍነው በሚቀጥለው ወር አይሠራም። ኤልጂ፣ ሳምሰንግ፣ ሂሴንስ፣ ሚዲያ፣ ቤኮ፣ ሌላም ሌላም ታገኛላችሁ። እኛ የምንለው ብራንዱን ሳይሆን ይህን ጠይቁ ነው፤ የዚህ ሞዴል ቦርድና ፓምፕ አዳማ ውስጥ ይገኛል ወይስ መርካቶ ድረስ ያስኬዳል? የሰፈራችሁን ጠጋኝ ቀድማችሁ አማክሩት። እሱ የማያውቀውን ማሽን አትግዙ።

ከአዲስ አበባ የምታመጡት ከሆነ ማሽኑ ቆሞ ይጫን። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ከጀርባው ገንዳውን ለጉዞ ያሰሩ ሦስት ወይም አራት ረጃጅም ብሎኖች አሉት። ቤት ሲደርስ ካልተፈቱ ማሽኑ ሲጨምቅ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ በሳምንት ውስጥም ራሱን ይሰብራል። ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ በተቃራኒው ብሎኖቹ አብረው አሉ ወይ በሉ። ሳይታሰር የተጓዘ ገንዳ ተናግቶ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ማሽን ሲሞከር ባዶውን መዞሩን አይታችሁ አትመኑ፤ 60 ላይ አድርጋችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የበሩን መስታወት በእጃችሁ ንኩት። ካልሞቀ ማሞቂያው ሞቷል።

መስመሩን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፣ ኧርዝ ይኑረው። እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግራችሁን ቆማችሁ የምትነኩት ብረት ነው። ስፒናው በቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካ እንጂ ቲቪና ስልክ በተደረደሩበት ዲቫይደር ላይ አይሁን፤ 2000 ዋት ያቀልጠዋል። ቦርድ ላለው ማሽን ስታቢላይዘር ግዙ፣ ኃይሉ ግን ከማሽኑ የሚበልጥ ይሁን፤ የፍሪጁ ትንሿ አትችለውም።

መብራት እጥበቱ መሐል ላይ ከሄደ በሩ ተቆልፎ፣ ቆሻሻው ውሃ ውስጡ ይቀራል። አትታገሉት። ከታች በስተቀኝ ወይም በስተግራ ትንሽ መዝጊያ አለች፤ ከውስጧ የፓምፑ ማጣሪያ አለ፣ በብዙዎቹም አጠገቡ ቀጭን ጎማ። ዝቅ ያለ ሳፋ አስቀምጣችሁ ውሃውን በዚያ ታስወጣላችሁ። ያንኑ ማጣሪያ በየሳምንቱ በጓንት አጽዱት፣ የበሩን ጎማ እጥፋት ጥረጉ፣ በሩንም ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት።

ፍሳሹ የት ይሂድ? ወደ መጸዳጃ ቤቱ፤ ወደ መንገድ ዳር ቦይ አይደለም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሌ ላይ የተነሳው ኮሌራ ወደ ሌሎች አካባቢዎች እንዴት እንደተዛመተ አይተናል። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ፍሳሹን በፓምፕ ስለሚገፋ የጎማው ጫፍ ከወለል ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታሰር አለበት፤ መሬት ላይ ከተጣለ ውሃው እየገባ እየወጣ ማሽኑ ሲሞላ ይውላል። ባለ ሁለት ገንዳው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በራሱ ክብደት ስለሚፈስ ጎማው ዝቅ ማለት አለበት፣ ማሽኑ ትንሽ ከፍታ ላይ ይቀመጥ።

ለእህታችን ሮቶው የት ነው ያለው ብለን ነበር የመለስንላት። ብሎኬት ላይ ነው፣ ውሃም ማክሰኞና ቅዳሜ ነው የሚመጣው አለች። ባለ ሁለት ገንዳ ገዛች። ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ በሁለት ረድፍ ብሎኬት ላይ አስቀምጣዋለች። ከተረፈው ብር አሥር አንሶላና አንድ ትልቅ የብረት ድስት ገዝታበታለች።